የራውተርና የሼፐር ገበያ፤ በዋጋው ውስጥ ያልገባው ጣት

በአዲስ አበባ የቤትና የቢሮ ዕቃ የሚያመርት አነስተኛ ድርጅት ባለቤት የአንድ ቁም ሣጥን ዋጋ እንዴት እንደወጣ ቢጠየቅ ሒሳቡን በቃሉ ይዘረዝራል። ጣውላው ወይም ኤምዲኤፉ፣ ኮላው፣ ቫርኒሹ፣ ማጠፊያው፣ የቤት ኪራዩ፣ መብራቱ፣ ጫኝና አውራጁ፣ በመጨረሻም የእጅ ዋጋው። የእጅ ዋጋ የሚባለው ታዲያ ሠራተኛው በእጁ ላፈሰሰው ጉልበት የሚከፈለው ነው እንጂ የእጁ የራሱ ዋጋ አይደለም። እጁ ራሱ በምርት ወጪው ውስጥ የትም ቦታ አይታይም። የሚታየው አንድ ቀን ማሽኑ ሁለት ጣት ወስዶ ባለቤቱ ወደ ሐኪም ቤት፣ ቀጥሎም ወደ ፍርድ ቤት መመላለስ ሲጀምር ነው።

ይህ ጉዳይ ለገበያ ገጽ የሚበቃው ዕዳ ስለሆነ ነው። በመዝገብ ያልሰፈረ፣ መጠኑ ያልተገመተና የሚከፈልበት ቀን ያልታወቀ ዕዳ። በእንጨት ሥራ ላይ ገንዘቡን ለማዋል የሚያስብ ሰው፣ ያገለገለ ማሽን የሚያሻሽጥ ደላላና መሣሪያ ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ ሁሉ ከዚህ ዕዳ ድርሻ አላቸው።

ከእንጨት ሥራ ማሽኖች ውስጥ ሴጋውና ፒያላው በአገራችን የቆዩ ናቸው፤ ስማቸውንም ከጣሊያንኛ ነው ያገኙት። አደጋቸውም ቢሆን በሙያተኛው ዘንድ የታወቀ ነው። ራውተር ግን የእጅ መሣሪያ በመሆኑ፣ ዋጋውም ከትልልቆቹ ማሽኖች ጋር ሲነጻጸር ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ በብዙ ሥራ ቤት የገባው እንደ ትሬፓኖ ሁሉ ቀላል ዕቃ ተደርጎ ነው። የበርና የካቢኔት ጠርዝ ቅርጽ ያወጣል፣ ቦይ ይቆፍራል፣ ማጠፊያ ያስቀምጣል። ሼፐር የሚባለው ደግሞ የዚሁ ታላቅ ወንድም ነው። ከብረት ጠረጴዛ መሐል ቆሞ በሚሽከረከር ዘንግ ላይ ቅርጽ ያላቸው ቢላዎች ይታሰራሉ፤ ሠራተኛው እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ እያስተኛ ይገፋል። የበር መቃን፣ የመስኮት ክፈፍና የፓነል በር የሚወጣው በዚህ ነው። ራውተሩ ራሱ ተገልብጦ ከጠረጴዛ ሥር ሲታሰር ትንሽ ሼፐር ይሆናል፤ አቅም ያነሳቸው ሥራ ቤቶች ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሙት በዚህ መላ ነው።

የአደጋውን መጠን ለመረዳት ጥቂት ሒሳብ ይበቃል። የእጅ ራውተር በደቂቃ ከ10,000 እስከ 25,000 ጊዜ ይዞራል። ሁለት ስለት ያለው ቢት በ22,000 ዙር ሲሠራ በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ስለት ከ730 ጊዜ በላይ በአንድ ቦታ ያልፋል ማለት ነው። ሰው ሕመም ተሰምቶት እጁን ለመሰብሰብ ሩብ ሰከንድ ያህል ይወስድበታል እንበል። በዚያች ሩብ ሰከንድ ውስጥ ጣቱ ከ180 ጊዜ በላይ ተመትቷል። ሼፐር ፍጥነቱ ዝቅ ይላል፤ በደቂቃ 7,000 ዙር ቢሆንና 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ባለሁለት ቢላ ራስ ቢታሰርበት ግን የቢላው ጫፍ በሰዓት 158 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ በዚያችው ሩብ ሰከንድም 58 ጊዜ ያህል ይመታል። ከዚህ የተነሣ «እኔ ንቁ ነኝ፣ እጄን ቶሎ እሰበስባለሁ» የሚለው የሙያተኛ መተማመኛ በሒሳብ ፊት አይቆምም።

ሌላው ልዩነት የጉዳቱ ዓይነት ነው። መጋዝ ጣትን ሲቆርጥ ምንም እንኳ የሚያሳዝን ቢሆን የተቆረጠ ጣት ይተርፋል፤ አንዳንዴም ሐኪም መልሶ ሊሰፋው ይችላል። የራውተርና የሼፐር ስለት ግን አይቆርጥም፤ ይቦጫጭቃል፣ ይፈጫል። አጥንቱና ሥጋው ተቆራርጦ ከሰጋቱራው ጋር ሲበተን ለሐኪሙ የሚያጋጥመው ነገር አይተርፍም።

እጅ ወደ ስለቱ የሚደርሰው እንዴት ነው? ሰው ሆን ብሎ እጁን ወደሚዞር ብረት አይሰድም። ከአደጋዎቹ ብዙዎቹ የሚጀምሩት እንጨቱ በድንገት ሲሸሽ ነው። እጅ እንጨቱን እየተጫነ ሳለ እንጨቱ ከሥሩ ከጠፋ እጁ ጫናውን ይዞ ወደፊት ይሄዳል፤ ወደፊት ያለው ደግሞ ስለቱ ነው። እንጨቱ የሚሸሸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቶቹ ተለይተው የታወቁ ናቸው።

የመጀመሪያው የአገፋፍ አቅጣጫ ነው። እንጨት መገፋት ያለበት የስለቱን ዙር ተቃውሞ እንጂ ከዙሩ ጋር አብሮ አይደለም። አብሮ ከተገፋ ስለቱ እንጨቱን ነክሶ እንደ ጎማ ይነዳዋል፤ እጅንም ይዞት ይሄዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሠራተኛን የሚያሳስት ነገር አለ። ራውተር በእጅ ተይዞ በጣውላ የውጭ ጠርዝ ላይ ሲሠራ ጠርዙ ፊት ለፊት የቆመ ሰው መሣሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚገፋው። ያው ራውተር ተገልብጦ ከጠረጴዛ ሥር ሲታሰር ግን እንጨቱ የሚገፋው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ጠዋት በእጅ ሲሠራ የዋለ ሠራተኛ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ሲቆም እጁ የለመደው አቅጣጫ አደጋ ሆኖ ይጠብቀዋል። በጠረጴዛው ላይ በኖራ የተሣለች አንዲት ቀስት ይህን ስሕተት ትከላከላለች፤ ዋጋዋም የኖራው ዋጋ ነው።

ሌላው የእንጨቱ ማጠር ነው። ከ30 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ቁራጭ በሼፐር ወይም በራውተር ጠረጴዛ ላይ በባዶ እጅ መግፋት እጅን ከስለቱ አጠገብ ማድረስ ነው። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ቅርጹን በረጅሙ ጣውላ ላይ አውጥቶ ከዚያ በኋላ አሳጥሮ መቁረጥ ነው። ለምን ይዘለላል ቢባል ቁርጥራጩ ስለተረፈና መጣሉ ኪሳራ ስለሚመስል ነው። ኢኮኖሚስቶች እንደሚሉት ሰው አጠገቡ ያለችውን ትንሽ ቁጠባ አይቶ ራቅ ብሎ የቆመውን ትልቅ ወጪ አያይም። የአንድ ክንድ ዋንዛ ቁራጭ ለማትረፍ ተብሎ የጠፋ ጣት በየትኛውም ሒሳብ ትርፍ አይሆንም።

የእንጨቱ ጠባይም አለበት። አንጓ ያለበት፣ የተሰነጠቀ ወይም ጭረቱ የተገለባበጠ ጣውላ ስለቱ ሲደርስበት ይዘላል። የደነዘ ስለትም እንዲሁ ነው። በተለይ ኤምዲኤፍ በውስጡ ያለው ማጣበቂያ ተራውን የብረት ስለት ቶሎ ያደነዝዘዋል፤ ሠራተኛውም በኃይል መግፋት ይጀምራል። በኃይል የሚገፋ እጅ ሲስት ርቆ ይሄዳል። ካርባይድ ጫፍ ያለው ቢት ዋጋው ከፍ ቢልም በኤምዲኤፍ ላይ ዕድሜው ብዙ ይረዝማል፤ ስለዚህ በካቢኔት ሥራ ላይ ያለ ሰው ርካሹን ቢት እየለዋወጠ የሚያጠፋውን ገንዘብ ቢደምር ውዱ እንደሚረክስ ያገኘዋል።

ቀጥሎ ያለው ለእኛ ከተማ የተለየ ጠቀሜታ አለው። መብራት በሥራ መሐል ሲጠፋ ሠራተኛው ማሽኑ ቆመ ብሎ እጁን ወደ ቢላው ይሰዳል፤ የተወሸቀ ቁራጭ ያወጣል ወይም ሰጋቱራ ይጠርጋል። ማብሪያው ግን እንደበራ ነው። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ማሽኑ ማንንም ሳይጠይቅ ይነሣል። ይህን የሚከለክል ማብሪያ በዓለም ገበያ ከቆየ ዘመናት አልፈዋል። ኃይል ሲቋረጥ ራሱን የሚያጠፋና ሰው እንደገና ካልተጫነው በስተቀር የማያበራ ማግኔት ያለበት ማብሪያ ነው። በተራ ማብሪያ የሚሠራ አሮጌ ሼፐር የገዛ ሰው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ ይህን ቢያስገጥም ካወጣው ካፒታል ጋር ሲነጻጸር ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ጓንትን በተመለከተ ብዙ ባለንብረቶች በቅን ልቦና ይሳሳታሉ። ለሠራተኛ ጓንት ገዝቶ መስጠት እንደ ጥንቃቄ ይቆጠራል። በሚሽከረከር ስለት አጠገብ ግን ጓንት አያድንም፤ ጨርቁ ይያዝና እጁን ይስባል። ሰፊ እጅጌ፣ ቀለበትና የተንጠለጠለ ክርም እንዲሁ ናቸው። ጓንት ጣውላ ለማውረድና ለመጫን ይሁን።

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። በመርካቶም ሆነ በሌሎች የመሣሪያ መሸጫዎች ራውተርና ቢት ሲገዛ ገዢው ዋጋና የሞተር ጉልበት ይጠይቃል። ሊጠይቀው የሚገባው ግን ቁጥር ነው። የቢቱ ዘንግ በኢንች ነው ወይስ በሚሊ ሜትር? ማሽኖቹና ቢቶቹ የሚመጡት ከተለያየ አገር ነው፤ አንዱ በኢንች ሌላው በሚሊ ሜትር ይለካል። ሩብ ኢንች ማለት 6.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። የ6 ሚሊ ሜትር ዘንግ በሩብ ኢንች ኮሌት ውስጥ፣ የ12 ሚሊ ሜትር ዘንግም በግማሽ ኢንች ኮሌት ውስጥ ይገባል፤ ሲጠብቅም የያዘ ይመስላል። አልያዘም። በሥራ መሐል ቀስ እያለ ይንሸራተታል፣ ቅርጹን ያበላሻል፣ ሲከፋም ተፈናጥሮ ይወጣል። ዘንጉ ልኩ ቢሆን እንኳ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ መግባት አለበት። እስከ ታች ከተሰደደ በኋላም 2 ሚሊ ሜትር ያህል መለስ ተደርጎ ቢጠብቅ ይበጃል፤ ታች ነክቶ የታሰረ ቢት ኮሌቱ በደንብ ሳይቆነጥጠው ሊቀር ይችላልና። ሁለቱን ልኮች ለይቶ የማይሸጥ ነጋዴ ደንበኛውን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ያጣል።

የቢቱ ስፋትም ሌላ የገበያ ጉዳይ ነው። ለፓነል በር የሚውሉ ትልልቅ ቢቶች 8 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት አላቸው። እንዲህ ያለ ቢት ፍጥነቱ በማይቀነስ ራውተር ላይ በ22,000 ዙር ቢነሣ የጫፉ ፍጥነት በሰዓት ከ330 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ለእነዚህ የሚመከረው ከ10,000 እስከ 12,000 ዙር ባለው ውስጥ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ የሚስተካከል ራውተር ያልገዛ ሰው ትልቅ ቢት መግዛት የለበትም፤ ሻጩም ሁለቱን አብሮ ባይሸጥ መልካም ነው።

በሼፐር በኩል የሚታየው ችግር ያገለገለው ዕቃ ገበያ ነው። አሮጌ ሼፐር ሲሸጥ ብረቱ፣ ሞተሩና ቺንጋው ይታያል፣ ኩሽኔቱ ድምፁ ይደመጣል፣ ዋጋ ይቆረጣል። የቢላው መከለያና መጫኛው ግን ብዙ ጊዜ ከማሽኑ ጋር አይመጣም። የመጀመሪያው ባለቤት ሥራ ያዘገያል ብሎ አውልቆ ከጣለው ቆይቷል። ደላላውም ሆነ ገዢው መከለያ የሌለውን ማሽን እንደ ጎደለ ዕቃ አይቆጥረውም። በእኔ አመለካከት ሞተር የሌለው ሼፐር ዋጋው እንደሚወርድ ሁሉ መከለያ የሌለውም መውረድ ነበረበት።

ሌላ አገር ይህ ጉዳይ ለባለቤቱ ፈቃድ አልተተወም። በአሜሪካ ኦሻ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የሥራ ላይ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ደንብ የሼፐር ቢላ በመከለያ እንዲሸፈን፣ የክብ መከለያውም ስፋት ከቢላው ትልቁ ስፋት እንዳያንስ ያዛል። ድሮ ሠራተኞች በዘንጉ ላይ የቆዳ ጭራ እያሰሩ «ሲነካን ያስጠነቅቀናል» ይሉ ነበርና ደንቡ ይህን ዓይነቱን ማስጠንቀቂያ በግልጽ አይቀበልም። አውሮፓውያን ደግሞ ስለቱ ራሱ ላይ ሠርተዋል። በእጅ ለሚገፋ እንጨት የሚሆነው የቢላ ራስ ክብ ሆኖ ስለቱ ከአካሉ ወጥቶ የሚታየው ከ1.1 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ተደርጎ ይሠራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስለቱ በአንድ ምት ሊነክስ የሚችለው ትንሽ ስለሆነ እንጨቱን በኃይል አይወረውርም፤ እጅ ቢደርስበትም ጉዳቱ ይቀንሳል። እንግሊዝ በእጅ በሚገፉ በአብዛኞቹ ማሽኖች ላይ እንዲህ ያለው ስለት ግዴታ እንዲሆን ያደረገችው እስከ 2003 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጊዜ ሰጥታ ነው። ለአስመጪ የሚጠቅመው ነገር ምልክቱ ነው። በአውሮፓ ደረጃ የተሠራ ቢላ ለእጅ ግፊት የሚሆን ከሆነ በላቲን ፊደል «ማን»፣ በመሣሪያ ለሚገፋ ብቻ ከሆነ «ሜክ» የሚል ተቀርጾበት ይመጣል። ለእጅ ሥራ «ሜክ» የሚለውን መሸጥ አይገባም።

በአገራችን ሕጉ የለም ማለት አይቻልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ከዚህም በላይ ለሥራ ላይ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ ወይም ሰክሮ ሥራ ላይ ከተገኘ ብቻ ነው ነገሩ የሚለወጠው። መመሪያ በጽሑፍ ያልሰጠ አሠሪ ታዲያ «መመሪያ ጥሷል» ብሎ ለመከራከር ምን በእጁ አለ?

ሒሳቡን ለምሳሌ ያህል እናውጣ። ወርኃዊ ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ጣቶቹን አጥቶ ለአንድ ዓመት ከሥራ ቢርቅ አሠሪው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ የመጨረሻዎቹን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፍላል። ይህ 18,000፣ 13,500 እና 18,000 በድምሩ 49,500 ብር ነው። የሕክምናው ወጪም የአሠሪው ነው። ለዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት የሚከፈለው የአምስት ዓመት ደመወዝ፣ ማለትም 360,000 ብር ሲሆን ጉዳቱ ከፊል ከሆነ እንደ መጠኑ ይሰላል። ሐኪሞች 20 በመቶ ቢሉ 72,000 ብር ይሆናል። ሠራተኛው በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 የተሸፈነ ከሆነ የዘላቂው ጉዳት ክፍያ በዚያ ሕግ ይታያል። በምሳሌያችን ግን ከ120,000 ብር በላይ፣ ሕክምናው ሳይጨመር፣ አንድ ሥራ ቤት በአንድ ጊዜ ሊደርስበት የሚችል ወጪ ነው። ጣቱን ላጣው ሰው ደግሞ ይኸው ገንዘብ ከሁለት ዓመት ደመወዙ ያነሰ ነው፤ ሙያው ግን በጣቱ ነበረ።

አንዳንድ ባለንብረቶች «የእኔ ሠራተኞች በቁርጥ ነው የሚሠሩት፤ ተቀጣሪዎቼ አይደሉም» የሚል መከላከያ ያቀርባሉ። አዋጁ ግን በአሠሪው መሪነት በቁርጥ ዋጋ የሚሠራውንም የሥራ ውል ውስጥ ያስገባዋል፤ ውሉም በቃል ሊሆን ይችላል። ቁርጥ ዋጋ እንዲያውም ጉዳዩን ያከፋዋል። በበር ቁጥር የሚከፈለው ሠራተኛ መከለያ ለማስተካከል የሚያጠፋው አሥር ደቂቃ ከኪሱ የሚወጣ ነውና መከለያውን መጀመሪያ የሚያወልቀው እሱ ራሱ ይሆናል። ለዚህ አሠሪው የማስተካከያውን ሰዓት ለብቻው ቢከፍል ነገሩ ይቃለል ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው በማኅበር የሚሠሩት ሁኔታ ነው። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ የበርና የመስኮት ሥራ ለእነዚህ ማኅበራት እንዲሰጥ በማድረጉ ብዙ ወጣት ማሽን ፊት እንዲቆም ምክንያት ሆኗል። የማኅበሩ አባል ባለቤትም ሠራተኛም ነው። ጣቱን ሲያጣ የሚጠይቀው አሠሪ የለውም፤ የሚጠይቀው ራሱንና ጓደኞቹን ነው። ለእንዲህ ያሉ ማኅበራት ማሽን መግዣ የሚያበድር የገንዘብ ተቋም ብድሩን ሲሰጥ የአደጋ መድን ቢጠይቅ ብድሩን ራሱን ያስጠብቃል፤ በቀኝ እጁ የሚሠራ ተበዳሪ ቀኝ እጁን ካጣ ብድሩን በምን ይመልሳል?

መከላከያው ይወደዳል የሚለው ክርክር በከፊል ብቻ እውነት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መሣሪያ ዋጋ በብር ሲታሰብ ሰማይ ወጥቷል። እንጨቱን በጎማ መንኮራኩር እየሳበ እጅን ከነጭራሹ ከስለቱ የሚያርቀው መጋቢ መሣሪያ በዚህ ምክንያት ለትንሽ ሥራ ቤት የሚቀመስ አይደለም። ነገር ግን ሥራ ቤቱ በራሱ ቁርጥራጭ ሊሠራው የሚችለው ብዙ ነው። ጫፉ የተቀረጸ መግፊያ እንጨት፣ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቀና እንጨቱን ወደ መደገፊያውና ወደ ጠረጴዛው የሚጫን ሰሌዳ፣ ቢላው የሚያልፍበትን ክፍተት ብቻ የተወ የኮምፔንሳቶ መደገፊያ፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ጧት የሚያልቁ ናቸው። ለወንበር እግር ዓይነት ቅስት ሥራም እንጨቱን ቆንጥጦ የሚይዝ መያዣ ባለው ፎርማ ላይ ማሰር ይቻላል፤ እጅ የሚይዘው መያዣውን ይሆናል። ደግሞም በደንብ የተጫነ እንጨት ስለማይንቀጠቀጥ ቅርጹ ለስልሶ ይወጣል፣ የብርጭቆ ወረቀቱም ሥራውም ይቀንሳል። ለዚህ ነው «ጥንቃቄ ሥራ ያዘገያል» የሚለውን አባባል ያልተቀበልኩት።

በኮምፒዩተር የሚመሩ ራውተሮች በከተማው የበር ቅርጽ ሥራ እየተሻሙ መሆናቸው ሌላው ገጽታ ነው። በእነዚህ ላይ ስለቱ ሲዞር የሰው እጅ አጠገቡ አይደርስም። ኢንቨስተሩ ሁለቱን ሲያነጻጽር የማሽኑን ዋጋና የሠራተኛውን ደመወዝ ብቻ ካስቀመጠ የእጁ ሼፐር ሁልጊዜ ርካሽ ሆኖ ይታየዋል። ከላይ ያየነው የካሣ ስሌት በሠንጠረዡ ውስጥ ሲገባ ግን ልዩነቱ ይጠብባል።

አደጋው ከደረሰ ደግሞ የሚከተለው መታወቅ አለበት። መጀመሪያ ደሙ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ እጁ ከፍ ይደረግ። የተቆረጠ ጣት ከተገኘ በእርጥብ ንጹሕ ፋሻ ተጠቅልሎ ውኃ በማያስገባ ፕላስቲክ ታስሮ፣ ፕላስቲኩ በረዶ ባለበት ውኃ ውስጥ ይቀመጥ። በቀጥታ በረዶ ላይ የተቀመጠ ጣት ይበላሻል። እንዲህ የቀዘቀዘ ጣት ለሰዓታት ይቆያል፤ ሳይቀዘቅዝ የቀረው ግን ጊዜው አጭር ነው። ሥራ ቤቱ ውስጥ ፋሻና ንጹሕ ፕላስቲክ የሚቀመጥበት ሳጥን፣ በረዶ የሚገኝበት የቅርብ ሱቅና የሚጠራው መኪና ስልክ ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት የታወቁ መሆን አለባቸው፤ የዚያን ቀን የሚፈልጋቸው ሰው እጁ የሚንቀጠቀጥ ነውና።